ጥንቅሽ ሲሉት

ሮቢት ውስጥ አባቴን ማብሸቅ የፈለገ ሰው የሚለው አንድ ቃል ነበር። ስድብ አይደለም። ዘር ማንዘር የሚያነሳም አይደለም። ጥንቅሽ ነው። ማሽላ ሲደርስ ሕፃን አዋቂው ልጦ የሚመጠው፣ ሴቶች በእቅፍ በእቅፍ አስረው አስፋልት ዳር የሚሸጡት፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ መንገደኛው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚገዛው ጣፋጭ አገዳ። በቃ እሱ ነው። ሰው ጥንቅሽ ሲመጥ ካየሁ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ።

ማብሸቅ ሲሉት ደግሞ ቀላል ነገር ያስመስሉታል። ጨዋታ ነው ይላሉ። ደሴ ተምረው የመጡት ሙድ መያዝ ይሉታል፤ ትልልቆቹ ነገር መቆስቆስ ይሉታል። እኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ የሰው ቁስል የት እንዳለ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ እዚያው ላይ ጣት መክተት። የከተተው ይስቃል። የታመመው ሲጮህ ደግሞ "ምን ሆነ? ምን አልነው?" ይባላል። ከሁሉም ይቺ "ምን አልነው" የምትባለዋ ናት የምትዘገንነኝ። አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ምን አልነው።

አባቴ ሙሀመድሰይድ ጎሚስታ ነው። አስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ በከለላት ቦታ ጎማ ይፈታል፣ ከመነዳሪ ይለጥፋል። ቤታችን ከጀርባዋ ነው። መሬት አጥቶ አይደለም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የሚጠጣው ጥሩ የማሽላ መሬት አለን፤ ጎረቤት የሚመኘው። እሱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ በጥቁር እጅ ጎማ ሲያገላብጥ ይውላል። እናቴ ኡሙሃኒ በዚህ ነገር ያልተጨቃጨቀችበት ጊዜ የለም። "የራሱን እርሻ ትቶ የሰው ጎማ የሚነፋ ወንድ አንተን አየሁ!" ትለዋለች። እሱ ጎማውን ያገላብጣል። መንገድ መንገዱን ያያል።

በእግሩ የሚያልፍ ሰው "ጥንቅሽ" ቢለው ቀና ብሎም አያይም። ሻጮቹ ጆሮው ስር ቢጮሁ አይሰማም። ከመኪና ላይ ሲጮህ ግን የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ከአውቶብስ መስኮት ይሁን ከጭነት አይሱዙ ላይ፣ ብቻ ከመኪና ላይ ይሁን። ጎማው ተፈትቶ፣ መኪናው በክሪክ ቆሞ፣ ሹፌሩ አፉን ከፍቶ እያየው አባቴ ይሮጣል። ይደርስና የጮኸውን ሰው ፊት ያያል። መጀመሪያ ያያል። የሚቆጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመኪናውን በር በመዳፉ ይደበድባል፣ ይራገማል፣ ይመለሳል። ያን ቀን እራት አይበላም።

የሮቢት ሰዎች ይህን የደረሱበት በሙከራ ነው። በብስክሌት ሆነው ሞከሩት፤ አልሠራም። በጋሪ ሆነው ሞከሩት፤ ቀና አለና ተመልሶ አጎነበሰ። በመኪና ሲሆን ሠራ። ይህን ሁሉ ሲያጠኑ አንድ ሰው እንኳ "ቆይ፣ ለምን ከመኪና ላይ ብቻ?" አላለም። የሚሠራውን ካወቁ በቃቸው። ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ሳቅ አይጨምርላቸውም።

አመጣጡን ግን ፈጥረውለታል። አንደኛው ወሬ፣ በልጅነቱ ጥንቅሽ ሊሰርቅ ገብቶ ባለማሳው ሱሪውን አስወልቆ ገርፎታል፣ የገረፈውም ሹፌር ሆኗል ይላል። ሌላው ደግሞ፣ የወደዳት ልጅ "ጥንቅሽ እንኳ ገዝቶ አያበላኝም" ብላ ከአንድ የመኪና ረዳት ጋር ጠፍታለች ይላል። በየጊዜው ይጨምሩበታል። የጨመረው ሰው ሲያወራ ከአፉ ዳር አረፋ ይወጣል፣ የሰማው ጭኑን እየመታ ይንከተከታል። እናቴን ስጠይቃት "ተይው፣ ለእኔም አልነገረኝ" ትለኝ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ካሊድ ነበር። ከአባቴ ቦታ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የሬዲዮና የሞባይል ሱቅ አለው። በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ደርድሮ ሥራ ፈቶችን ይሰበስባል። በጥንቅሽ ወቅት እዚያ ተቀምጠው ጥንቅሹን ሲመጥጡ ይውሉና የመጠጡትን አባቴ ደጅ ድረስ መጥተው ይተፉታል። የታኘከ፣ ምራቅ የጠገበ፣ ዝንብ የወረሰው ክምር። ጠዋት ጠዋት የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ስጠርግ ያቅለሸልሸኛል፤ ካሊድ ደግሞ ከማዶ "ኢኽላስ፣ ጎበዝ!" እያለ ያጨበጭባል።

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ውስጥ፣ መህዲ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። መህዲ የዋጃ ልጅ ነው፤ ወፍጮ ቤት አለው። እወደዋለሁ። ከእሱ ሌላ ሰው እንደማላገባ ለእናቴ ነግሬያት ነበር፤ እሱም ለቤተሰቡ እንደዚያው ብሏል። ሁሉም ነገር አልቆ የቀረው ሽማግሌዎቹ መጥተው አባቴን መጠየቅ ብቻ ነበር። የጨነቀኝም ይኸው ነው።

በእኛ ወገን ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። የልጅቱ አባት ተቀምጦ ይሰማል። የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራል፣ ጠባዩ እንዴት ነው ይልና ሲበቃው "ተቀመጡ" ይላል። ተቀመጡ ካለ ነገሩ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሳለ እሱ ከተነሳ ግን እምቢ ብሏል ማለት ነው። ማስረዳት የለም፣ ይቅርታ የለም። ሰዎቹ ወጥተው ይሄዳሉ፤ የዚያ ቤት በር ለዚያ ልጅ ሁለተኛ አይንኳኳም። ቤታችን ደግሞ አስፋልት ዳር ነው። ቀኑም የተቆረጠው እሁድ ነው፤ የቆቦ መኪና ሁሉ ሮቢት የሚቆምበት ቀን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካሊድ በረንዳው ላይ ሆኖ ጠራኝ።

"ነገ እንግዳ አለባችሁ አሉ። ምን ልታበሏቸው ነው? ጥንቅሽ?"

ወንበሩ ላይ የነበሩት ሁሉ አውካኩ። ደሜ ፈላ። ሆኖም ዋጥ አደረግኩትና ተሻግሬ ሄድኩ። እሱን መለመን እንዴት እንደሚቀፍ የማውቀው እኔ ነኝ።

"ካሊድ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ተዉት። ነገሬ እንዳይበላሽ።"

"እንዴ! እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም አላልክም። ነገም ምንም አትበል።"

ፊቴን አየው። ሳቁን በግድ አመቀው። "ወላሂ፣ ነገ ከአፌ አትወጣም። አብሽሪ፣ አንቺ እኮ እህቴ ነሽ" አለኝና ጥርሱ መሃል የቀረ የጥንቅሽ ጭረት በጥፍሩ አውጥቶ ወደ አስፋልቱ አሽቀነጠረው።

ማታ እናቴ አባቴን ያዘችው። "አደራህን፣ ሰዎቹ ቆመው ሳለ እንዳትነሳ። ሰማይ ቢደፋ እንዳትነሳ።" እሱ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ያ ጥቁር ማስቲሽ ከጥፍሩ ስር መቼም አይለቅም። "ከመኪና ላይ ከጮኹስ?" አለ። እናቴ ተናደደች። "ይጩሁዋ! ከልጅህ ይበልጥብሃል?" ጨርቁን አጥፎ መደቡ ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አልነሳም" አለኝ። ያን ጊዜ የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ምንም አልገባኝም።

እሁድ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ሸህ ከማሉዲን፣ ቀጥሎ የመህዲ ጎረቤት ጋሽ አባይ፣ ከኋላ የመህዲ አጎት። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነኝ፤ ከአንድ ወገን እነሱን፣ በትንሿ መስኮት ደግሞ አስፋልቱን አያለሁ። አውቶብስ ቆሟል። ካሊድ ከአውቶብሱ ረዳት ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ያወራል። የሞባይል ካርድ እጁ ላይ ሲያደርግለት አየሁ። ረዳቱ ሳቀ። ካሊድም ጀርባውን ቸብ አድርጎት ወደ በረንዳው ተመለሰ፤ ወንበሩንም ወደ እኛ ቤት አዙሮ ተቀመጠ። ለሰርከስ እንደሚቀመጥ ሰው።

ያኔ ምን እንዳደረገ ገባኝ። ከአፌ አትወጣም ነበር ያለው። ከሌላ ሰው አፍ ሊያስወጣት ነው። መሐላውን እንኳ እንዲህ አኝኮ ተፍቶታል።

"አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ" አሉ ሸህ ከማሉዲን፣ በትራቸውን ተደግፈው። "ሙሀመድሰይድ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው።"

"ወአለይኩም አሰላም። በመልካም ያድርገው" አለ አባቴ።

"ልጅ አለችህ። እኛም ልጅ አለን።"

አውቶብሱ ሞተሩን አስነሳ። ጥሩምባውን ነፋ። ቀጥሎም ከመስኮቱ፣ ሆን ተብሎ በወፈረ ድምፅ፦

"ጥንቅሽ! ጥንቅሽ!"

አባቴ እንደተቀመጠ ደረቀ። አንድ እግሩ ወደፊት ወጥቶ ነበር፤ ሲመልሰው አየሁት። ሁለት እጁ የመደቡን ጠርዝ ጨበጠ። ሸህ ከማሉዲን ስለ መህዲ አባት ያወራሉ፣ ስለ ወፍጮው ያወራሉ፤ አባቴ አንዱንም አልሰማም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ጥንቅሽ! ኧረ ጥንቅሽ!"

ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ግን ሦስቱ ሰዎች ቆመዋል፤ ከእነሱ ትከሻ በላይ የሚታይ ነገር የለም። አንገቱን ሰገግ አደረገ። ጋሽ አባይ የሚያስቸግር ነገር ያለ መስሏቸው ዞር ብለው ወደ ውጭ አዩ። አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አባቴ አልተነሳም። ከማዶ የበረንዳው ሰዎች ትዕይንቱ ስለቀረባቸው ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል፤ አንዱማ ያፏጫል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በደስታ አፌን በሻሼ ይዤ አለቅሳለሁ። አሸነፍናቸው አልኩ። አባቴ ለእኔ ሲል ቻላት አልኩ።

"ተቀመጡ" አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። እናቴ እልል አለች።

ሰዎቹ በልተው፣ ዱዓ አድርገው፣ መርቀው ሄዱ። ቤቱ ጸጥ ሲል አባቴ እዚያው መደቡ ላይ ነበር።

"ኢኽላስ፣ ነይ እስቲ። ፊቱን አየሽው?"

"የማንን?"

"ከአውቶብሱ ላይ የጮኸውን።"

"አላየሁትም አባ። ረዳቱ ነው፤ ተዋቸው፣ እንደ ልማዳቸው ነው።"

"ድምፁ የትልቅ ሰው ነው። ዕድሜው ልክ ነው" አለ፤ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነበር። "አሁን ጺም ያወጣል።"

"ማን አባ?"

"ሸረፈዲን። ወንድሜ።"

አባቴ ወንድም እንዳለው ያን ቀን ነው የሰማሁት። እናቴም ከእኔ ጋር ነው የሰማችው፤ ሰሃን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው" አለ አባቴ። "እናታችንን ቀብረን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እህል ይታደላል ተብሎ ሕዝቡ አስፋልቱ ዳር ተሰበሰበ። ሸረፈዲን ራበኝ ብሎ ያለቅሳል። ወንዙ ዳር ጎርፍ የነካው ትንሽ ማሽላ ቆሞ ስላየሁ፣ እዚህች ተቀመጥ፣ ጥንቅሽ ይዤልህ መጣሁ አልኩት። ይዤም መጣሁ። ስደርስ ሰዉን መኪና ላይ ይጭኑታል። ለካ እህል የለም፣ ሰፈራ ነው። እሱን ከላይ አድርገውታል። አየኝ። እጄ ላይ ያለውን ነው ያየው። ስሜን አልጠራኝም። ጥንቅሽ! ጥንቅሽ! ነው ያለኝ። እጁን ዘርግቶ። ሮጥኩ፤ መኪናው ጥሎኝ ሄደ።"

እናቴ ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ልጅ ነበር። ስሜን ይረሳው ይሆናል፣ አገሩን ይረሳው ይሆናል። ያቺን ቃል ግን አይረሳትም። ከመጣም በመኪና ነው፣ በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከመኪና ላይ ጥንቅሽ ያለ ሰው ካለ ወጥቼ አየዋለሁ። እሱ አይሆንም። ሲስቅብኝ ሳይ ያናድደኛል። ግን ሁሉንም አይቻለሁ። ሳላየው ያለፈ የዛሬው ብቻ ነው።"

ጎሚስታነቱ ያኔ ገባኝ። የተወው መሬት ገባኝ። ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን የሚያየው ዓይኑ ገባኝ። በጠዋቱ እልል ማለታችን አሳፈረኝ።

"ታዲያ አባ፣ ለምን አልተነሳህም?"

ጥያቄዬ እንግዳ ሆኖበት አየኝ። "ሰዎቹ ቆመው ነበራ" አለኝ።

ሮጬ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ካሊድ ወንበሩ ላይ ነው፣ ጓደኞቹም አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰባ ሰባትን፣ መኪናውን፣ ልጁን። ሳወራ የሁሉም መንጋጋ ቆመ፤ አንዱ አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ቀረ። "ካሊድ" አልኩት፣ "አልጣላህም። አልከስህም። መጥተህ 'ረዳቱን ያስጮህኩት እኔ ነኝ' በለው። ሌላ ምንም አትበል። ወንድሙ እንዳልሆነ ይወቅ፤ በቃ።"

ፊቱ ቀላ። ለአፍታ ሊነሳ መሰለኝ፤ ጉልበቱ ላይ እጁን አድርጎ ነበር። ከዚያ ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው። ሁሉም እሱን ያያሉ። እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

"እኔ ምን አልኩ?" አለ። "ወላሂል አዚም፣ እኔ የለሁበትም። የሰው ነገር አታሸክሚኝ።"

"ካርድ ስትሰጠው አይቼሃለሁ!"

"ካርድ እሸጣለሁ። ሥራዬ ነው።"

እንትፍ አልኩ። ወንበሩ ስር፣ የመጠጡትን የተፉበት ክምር ላይ። አስፋልቱን ተሻግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለአባቴ ካሊድ እንደሆነ ነገርኩት። በዓይኔ እንዳየሁ ነገርኩት። "ጠይቀሽዋል?" አለኝ። ጠይቄዋለሁ አልኩ። "ምን አለሽ?" መዋሸት ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። በአላህ ስም ምሎ ካደ አልኩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "በአላህ ስም ከማለማ እሱ አይደለም። ሰው በዚህ አይዋሽም።" ይህን ያለው ደጁ ላይ ሲተፋበት ስለኖረ ሰው ነው። ክፋታቸው ሊደርስበት ያልቻለው አንድ ቦታ ልቡ ውስጥ ነበረው፤ በዚያም በኩል ገቡበት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ አይወጣም። ከመኪና ላይ ጥንቅሽ ሲሉ ጎማው ላይ እንዳጎነበሰ ይቀራል። ሸረፈዲን መጥቶ፣ ጠርቶት፣ መልስ አጥቶ እንዳለፈ ነው የሚያምነው። ሮቢት ግን "ሙሀመድሰይድ ተሻለው እኮ፣ አይበሽቅም አሁን" ትላለች። ጥቂት ሰሞን ሞከሩትና ሰለቻቸው። የሰማሁት እውነት ከሆነ አሁን አንዲት አሮጊት አግኝተዋል፤ የድመት ድምፅ ሲያሰሙባት ትራገማለች አሉ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁም። ካሊድ ሠርጌ ላይ ተጠርቶ ሳይሆን እንዲያው መጣ፣ ሁለቴ አስጨምሮ በላ፣ አባቴንም እጁን ጨብጦ "ማሽ አላህ" አለው።

እኔ አሁን ዋጃ ነኝ። ቤታችን አስፋልት ዳር ነው፤ መህዲን ሌላ ቦታ አልኖርም ብዬ ያሠራሁት ነው። ማሽላ በደረሰ ጊዜ ከአውቶብስ ላይ ጥንቅሽ ሲጮህ ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ እወጣለሁ። ሰፈርተኛው ልብ ብሎታል። ባለፈው ሰሞን ረዳቶቹ ተቀባብለው ይጮሁ ጀመር፤ ከማዶ ያሉትም ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። መህዲ "ተይ አንቺ፣ እያበሸቁሽ እኮ ነው" ይለኛል።

መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን እወጣለሁ። መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ። ምራቄን የምተፋው ከዚያ በኋላ ነው።